ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ተማሪዎችን ከልብ የሚቀበል ቢዝነስ ስኩል እንዴት ይመረጣል?

የቀስተ ደመና ባንዲራ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ለማንም አይከብድም። ስለዚህ ምርመራውን ከሕግ ይጀምሩ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ካምፓሱ በተለያዩ አገሮች ነው፤ ኢንሲያድ በፈረንሳይ፣ በሲንጋፖርና በአቡ ዳቢ ካምፓስ አለው። የሲንጋፖር ፓርላማ በወንዶች መካከል የሚደረግ ወሲብን የሚያስቀጣውን አንቀጽ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግን አሁንም ያስከስሳል። በየትኛው ካምፓስ እንደሚማሩ ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ደንቡን ያንብቡ። መድልዎን የሚከለክለው ፖሊሲ ፆታዊ ዝንባሌን በስም ይጠቅሳል ወይስ «ሁሉንም እናከብራለን» ብሎ ያልፋል? የሥነ ምግባር ደንቡንም አይዝለሉት። በአሜሪካ ያለው፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ደንብ የተመሳሳይ ፆታ የፍቅር ግንኙነትን ስለሚከለክል፣ በሥሩ ያለው የማሪዮት ቢዝነስ ስኩል ተማሪም በዚያው ይገዛል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በክሌሪ ሕግ መሠረት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የደህንነት ሪፖርት ያወጣሉ፤ በፆታዊ ዝንባሌ ሰበብ የተፈጸመ የጥላቻ ወንጀል ለብቻው ይቆጠራል። ዜሮ ቢያዩ ግን አይቸኩሉ፤ ተማሪ አቤት ማለት በሚፈራበት ግቢም ቁጥሩ ዜሮ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው የተማሪዎቹ ክበብ ነው። የአሜሪካው ቢዝነስ ስኩል ዋርተን «አውት ፎር ቢዝ»፣ ለንደን ቢዝነስ ስኩል ደግሞ «አውት ኢን ቢዝነስ» የሚባል ክበብ አላቸው። ስም መኖሩ ብቻ አይበቃም። የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ስለማይበልጥ አመራሩ በየዓመቱ ይለወጣል፤ በአንድ ብርቱ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ክበብ ሰውየው ሲመረቅ ይሞታል። ኢሜይል ይላኩና ባለፈው ሴሚስተር ምን እንደሠሩ፣ በጀቱን ማን እንደሚሰጣቸው፣ ተተኪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። ማንነታቸውን ለሁሉም ያልገለጹ አባላት ስማቸው በይፋዊ ዝርዝር ሳይወጣ መሳተፍ ይችሉ እንደሆነ መጠየቅም አይርሱ፤ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ያለው ክበብ አስቦበታል ማለት ነው። በቴክሳስ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነትና አካታችነት ቢሮ እንዳይኖራቸው ሕግ ሲከለክል የተማሪ ማኅበራትን ግን አልነካም። ስለዚህ ቢሮ ጠፋ ብለው ክበቡም የለም አይበሉ።

የፍቅር አጋር ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ቪዛውን ቀድመው ያጣሩ። ለተማሪ የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚሰጠውን የአሜሪካውን ኤፍ-2 ቪዛ አጋር የሚያገኘው በጋብቻ ብቻ ነው፤ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በተፈጸመበት ቦታ ሕጋዊ ከሆነ ይታወቃል፣ ሳይጋቡ አብሮ መኖር ግን ለዚህ ቪዛ አይበቃም። የተማሪ መኖሪያውና የጤና መድኑ አጋርዎን እንደሚጨምሩም በጽሑፍ ያስመልሱ።

ማመልከቻው ላይ ስለ ፆታዊ ዝንባሌ ጥያቄ ካለ፣ መልሱን ማን እንደሚያየው ሳያውቁ አይሙሉት። ለእነዚሁ ተማሪዎች የተመደበ ስኮላርሺፕ ሲቀበሉም ስምዎና ፎቶዎ ይታተም እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ አንዴ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ስም አይመለስም።