ዓይን ሲቀላ ቤት ምን ይደረጋል፣ መቼስ ይሮጣል?

ድሬዳዋ ላይ ዓይን ሲቀላ ሁሉም የሚያሳብበው በአቧራውና በሙቀቱ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ የልጁ ዓይን፣ በሳምንቱ የእናትየው፣ ቀጥሎ የአያትየው ከቀላ አቧራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው። እኔ የዓይን ነርስ ነኝ። ከገንደ ቆሬም ከሳቢያንም የሚመጣው ሰው ገና ሳይቀመጥ «ሲስተር፣ የቱን ጠብታ ልግዛ?» ይለኛል። ጠብታው ይቆይ። መጀመሪያ ዓይኑን እንየው።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና መስታወት ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ። የታችኛውን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ሳቡት። ቅላቱ የበረታው የት ጋ ነው? ወደ ቆቡ በርትቶ ወደ ጥቁሩ ሲጠጋ እየሳሳ ከሄደ፣ ብዙ ጊዜ የተቆጣው ነጩን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። ቅላቱ ጥቁሩን ዙሪያውን ከከበበው ግን ችግሩ ወደ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ቤት አትቆዩ።

አሁን መሐል ያለችውን ብሌን እዩ። የሁለቱ ዓይን ብሌኖች እኩል ናቸው? ክብ ናቸው? የታመመው ዓይን ብሌን ከጠበበች ወይም ከተንሻፈፈች፣ ጥቁሩ ክፍል ማለትም አይሪሱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የምወዳት ቀላል መፈተሻ አለች። የታመመውን ዓይን በእጃችሁ ሸፍኑና ሌላ ሰው በጤነኛው ላይ የስልክ መብራት ያብራላችሁ። ሁለቱ ብሌኖች አብረው ነው የሚጠቡት። ስለዚህ ብርሃን ያልነካው የታመመው ዓይን ወጋ ካደረገው፣ አይሪሱ መቆጣቱን ጠርጥሩ። ያን ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል።

እይታችሁንም አንድ በአንድ ፈትሹ። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ታርጋ አንብቡ፤ ከዚያ በሌላው። ብዥ ብሎ ዓይናችሁን ስታርገበግቡ ከጠራ እንባና ዓይናር ነው። ካልጠራ ሂዱ። በመጨረሻ ከጆሮ ፊት ለፊት በጣታችሁ ዳብሱ። የምታምም ትንሽ እብጠት ካለች ወደ ቫይረስ ያዘነብላል።

ተራው የቫይረስ ዓይን ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ በአንዱ ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አዴኖቫይረስ ነው። ከተያዛችሁ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ከ5 እስከ 12 ቀን ይወስድበታል። መጀመሪያ ላይ እየባሰ ይሄዳል፤ ሰው የሚደናገጠውም ያኔ ነው። ከዚያ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ነጩ ደም የሚለብስበት ዓይነትም አለ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ጋና ውስጥ ነው መጀመሪያ የታወቀው። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈበት ዓመት ስለተነሳ ሰዉ አፖሎ ብሎ ጠራው። ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛው ሰው በሳምንት ገደማ ይድናል።

ቤት ውስጥ የምታደርጉት ይህን ነው። ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ በተጨፈነው ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉ። ለአንዱ ዓይን አንድ ጨርቅ፣ ለሌላው ሌላ። ዓይናሩን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ጥረጉ። በፋሻ አትሸፍኑት። የእናት ጡት ወተት፣ ሻይ፣ ሎሚ፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ሽንት፣ አንዱም ዓይን ውስጥ አይገባም። ይህን የምለው ሽማግሌዎቻችንን ንቄ አይደለም። የቆሰለ ዓይን ላይ ሌላ ጀርም ተጨምሮበት ሲመጣ ስለማይ ነው።

ቫይረሱ ሌላው ላይ እንዳይሻገር ፎጣና ትራስ ለየብቻ ይሁን። የኩል እንጨት አትዋዋሱ፤ እህትማማቾችም ብትሆኑ። በርጫ ላይ ለሁሉም በሚዞረው ፎጣ ፊት ማበስ ይቅር። የእጅ ማጽጃ አልኮል ብቻውን አዴኖቫይረስን በደንብ አይገድለውም፤ ሳሙናና ውኃ ይሻላል። ቫይረሱ ደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል የበር እጀታውንና ቧንቧውን አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ወልውሉ። ዓይኑ እያነባ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት አይሂድ።

አሁን ወደ ጠብታው። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የሚሠራው ትራኮማ የባክቴሪያ በሽታ ስለሆነ ነው። ከአንቲባዮቲኩ የባሰው ግን ስቴሮይድ የሚባሉት ቁጣ አብራጅ መድኃኒቶች፣ ማለትም ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት ጠብታ ነው። ቅላቱን በአንድ ሁለት ቀን ስለሚያጠፋው ሰዉ ይወደዋል፤ ለጎረቤትም ያውሰዋል። መንስኤው የሄርፒስ ቫይረስ ከሆነ ግን ጠብታው ቫይረሱን ያፋፍመዋል። ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገን በሰማያዊ ብርሃን ስናይ፣ ኮርኒያው ላይ፣ ማለትም ጥቁሩን ከፊት በሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ያ ቁስል በእነዚህ ጠብታዎች እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል። ሲድን ጠባሳ ትቶ እይታ ሊወስድ ይችላል። ሐኪም እነዚህን ጠብታዎች የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ አይቶ፣ ለክቶ፣ እየተከታተለ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ስሙን አንብቡ። ያለ ማዘዣ አትግዙ።

ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ምች የምንለው ቁስል፣ ብዙውን ጊዜ ይኸው ሄርፒስ ነው። ምች የወጣበት ሰው ዓይኑ ከቀላ ሳይዘገይ ይታይ። አልማዝ ባለጭራ ግንባር ላይ ከወጣና አፍንጫ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከታየ፣ ዓይኑ ገና ባይቀላም ዛሬውኑ ሂዱ። ወደ አፍንጫ ጫፍ የሚሄደው ነርቭ ወደ ዓይንም ይሄዳል። ለአልማዝ ባለጭራ የሚታዘዘው የቫይረስ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር የዓይን ቀለም ነው። «የዓይኔ ቀለም ተቀየረ» ካላችሁ በቀላሉ አላልፈውም። ኢያን ክሮዚየር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ሴራሊዮን ውስጥ ኢቦላ ያዘው። አሜሪካ፣ አትላንታ፣ ኤሞሪ ሆስፒታል ታክሞ ዳነ። ከወራት በኋላ አንዱ ዓይኑ ውስጡ ተቆጣ፤ ሰማያዊ የነበረውም አረንጓዴ ሆነ። ከዓይኑ ውስጥ በመርፌ በተቀዳው ፈሳሽ ቫይረሱ ተገኘ። እንባው ላይ ግን አልነበረም። በሕክምና እይታውም ቀለሙም ተመለሰለት። ከደም የጠፋ ቫይረስ ዓይን ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል ዓለም በደንብ የተማረው ከእሱና ከምዕራብ አፍሪካ ሕመምተኞች ነው።

ሰማያዊ ዓይን ሰማያዊ ቀለም የለውም። ያለው ሜላኒን የሚባለው ቡናማ ቀለም ብቻ ነው፤ በአይሪሱ የፊተኛው ንብርብር ላይ ሲያንስ ብርሃኑ ተበትኖ ሰማያዊ ይመስላል። የእኛ አይሪስ ሜላኒን የጠገበ ስለሆነ ለውጡ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን መልኩን እዩ። ሁለቱን ዓይኖች በቀን ብርሃን በስልክ በቅርብ አንሱና አወዳድሩ። የአንዱ አይሪስ ጭረቶች ደብዝዘዋል? የሳሳ ወይም የገረጣ ቁራጭ አለው? ሄርፒስ እንዲህ ያለ ቁራጭ ሊተው ይችላል። ሩቤላም (የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው) አይሪስን ቀስ በቀስ ከሚያሳሳ አንድ የቆየ የዓይን ቁጣ ጋር ይያያዛል።

አያታችሁ ጥቁሩ ዳር ላይ ግራጫ ቀለበት ካላቸው ግን አትደንግጡ። እሱ ኮርኒያ ላይ የሚቀመጥ ቅባት ነው፤ በዕድሜ የሚመጣ። ገና 40 ያልሞላው ሰው ላይ ካያችሁት ኮሌስትሮሉን ያስለካ። የሕፃን ብሌን ነጭ ሆና ከታየች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት። ለሠርግ ተብሎ ባለቀለም ሌንስ መዋዋስ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ዓይኑ የቀላ ሰው ሌንስ አያድርግ።

ከተማችን ትንኝ የሚያስተላልፋቸውን ሁለት የቫይረስ ትኩሳቶች፣ በ2013 ዴንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ሁለቱም ትኩሳቱ ከጀመረ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ዓይን ሊነኩ ይችላሉ። አንዳንዴ ዓይኑ ሳይቀላ መሐል ላይ ጥላ ወይም ብዥታ ብቻ ይመጣል። ሐኪም ጋ ስትገቡ በቅርቡ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከነበረባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እስካሁን የጨመራችሁትን ጠብታ ሁሉ ባዶውን ብልቃጥ ጭምር በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ማን እንደሰጣችሁ ባትናገሩም ችግር የለም፤ ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ብልቃጡ ላይ ያለው ስም ነው።