«ስክሪኑ ሄዷል» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከአዘዞ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ስክሪኑ ሄዷል ብለውኛል። ለመለዋወጫም ቢሆን የምትሰጠኝን ስጠኝና ውሰደው» አሉኝ።

ለካ ሰፈራቸው ያለ አንድ ጠጋኝ አይቶት «2 ሺህ ብር ልስጥዎትና ይተዉልኝ» ብሏቸዋል። ደግነቱ ብሩ አነሰባቸውና የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄ ወጡ።

ሰካሁት፣ ሪሲቨር አገናኘሁ። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። የሱቁን መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ አበራሁና ስክሪኑ ላይ በሰያፍ አስጠጋሁት። ዜና አንባቢዋ እዚያው ነበረች። እንደ ጥላ ሆና ጨለማ ውስጥ ታወራለች።

«ይኸው እማማ፣ ስክሪኑ የትም አልሄደም» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አይተው «ምነው ታዲያ መብራት አጥፍታ ታወራለች?» አሉኝ።

ነገሩ በትክክል እሱ ነው። መብራቷ ጠፍቶባታል።

ይህን ስህተት መስማት ስለሰለቸኝ ነው ዛሬ የምጽፈው። ሌሎቹንም እግረ መንገዴን አነሳለሁ።

ድምፅ እያለ ምስል ሲጠፋ «ስክሪኑ ሞተ» ማለት

ብዙዎቻችን ቤት ያለው ፍላት ቴሌቪዥን ስክሪኑ በራሱ አያበራም። ከፊት ያለው ፓኔል ምስሉን ይሠራል፣ ብርሃኑን የሚሰጠው ግን ከኋላው የተደረደረ የኤልኢዲ አምፖል ነው። እኛ ባክላይት እንለዋለን። አምፖሎቹ በብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትቃጠል ተከታዮቿን ሁሉ ይዛ ትጠፋለች። ያኔ ድምፁ ይሰማል፣ ሪሞቱ ይታዘዛል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ይሆናል።

ይህ ይጠገናል። ባክላይት ማስቀየር ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፓኔል ማስቀየር ግን አዲሱን ለመግዛት የሚቀርብ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ «ስክሪን» እና «ባክላይት» የሚሉት ሁለት ቃላት መሃል የእናንተ ብር አለ። አንዳንዱ ጠጋኝ ልዩነቱን ሳያውቅ ይሳሳታል። አንዳንዱ ደግሞ አሳምሮ ያውቃል፤ በርካሽ ገዝቶ፣ ባክላይት ቀይሮ፣ መልሶ ይሸጠዋል። በዚህ ስንት እናት እንደተበላ ሳስብ ደሜ ይፈላል። ማንም «ሄዷል» ቢላችሁ ክፍሉን አጨልሙና በስልክ ባትሪ ራሳችሁ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጥላ ካያችሁ ቴሌቪዥኑን ለማንም እንዳትሸጡ።

ምስሉ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ካደላም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባክላይቱ ነው። አምፖሎቹ አርጅተዋል። ስክሪኑ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ክብ ብርሃን እንደ ጨረቃ ከወጣ ደግሞ፣ አምፖሎቹ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ሌንሶች ማጣበቂያቸው ደርቆ ወድቀዋል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ ቀላል ሥራ ነው።

ቀለም እንደፈሰሰበት ወረቀት ጥቁር ነገር እየተስፋፋ ከሄደና ከመሃሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ፓኔሉ ተሰብሯል። ለዚያ መድኃኒት የለውም። ልጁንም አትምቱት።

የዲሹን ጥፋት ለስክሪኑ መስጠት

ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የዞሩ ሰሞን «ቴሌቪዥኔ ተበላሸ» ብሎ ተሸክሞ የመጣውን ሰው ብዛት አልረሳውም። ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ማዞር ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዛሬም ምስሉ እንደ ሞዛይክ ሲቆራረጥ ሰው ስክሪኑን ይጠረጥራል። በነፋስ የተነቃነቀ ዲሽ፣ የላላ ኬብል ወይም ያረጀ ሪሲቨር ነው።

መለያው ቀላል ነው። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ሜኑ ክፈቱ። በሪሲቨሩ አይደለም፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት። መስመሩ ወይም ጉድለቱ በሜኑው ላይም ከታየ ችግሩ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ሜኑው ጥርት ብሎ ከወጣ ቴሌቪዥኑን ተዉትና ጣሪያ ላይ ውጡ።

ከላይ እስከ ታች የቆመች፣ ቦታዋን የማትቀይር ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ከፓኔሉ ጠርዝ ነው የምትመጣው። አንዷን መስመር ለማጥፋት ገንዘብ አታውጡ፣ አብራችሁ ኑሩ። የስክሪኑ ግማሽ ሲጠፋ ግን አንዳንዴ የላላ ሪባን ኬብል (ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ገመድ) ወይም ትንሽ ቦርድ ሊሆን ስለሚችል ማስፈተሹ አይከፋም።

በጥፊ መጠገን

ድሮ ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን በጥፊ ይስተካከል ነበር። እኔም አባቴን አይቼ ብዙ መትቻለሁ። ፍላቱን ግን አትምቱት።

በውሃ መወልወል

ጥር 11 ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ቤት ሁሉ ይጸዳል። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል፣ ግድግዳው ይታጠባል፣ ምንጣፉ ይራገፋል። ከዚያ አንዱ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል። በነጋታው እኔ ጋ ነው።

ጉዳቱ ምን መሰላችሁ፤ ውሃው ስክሪኑ ላይ አይቆምም፣ ወደ ታች ይወርዳል። በብዙዎቹ ታችኛው ጠርዝ ውስጥ ደግሞ ምስሉን የሚቆጣጠሩ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ገመዶች ከመስታወቱ ጋር ተጣብቀዋል። አንድ ሁለት ጠብታ ከገባ ዝገቱ እዚያ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ መስመር ይወጣል፣ ከዚያ አሥር። እነዚያን ገመዶች መልሶ ለማጣበቅ ልዩ ማሽን ይፈልጋል። እኔ ጋ የለም። ስለዚህ «ትንሽ ውሃ ነካው» ስትሉኝ ፊቴ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

አንድ ወዳጄ ከውሃ ይሻላል ብሎ በአረቄ ጠርጎታል። የስክሪኑ ሽፋን ተልጦ ዥጉርጉር ሆነ። እስካሁን «የሰከረው ቴሌቪዥን» እያልን እንስቅበታለን።

ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ። የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። የማይለቅ እድፍ ካለ ጨርቁን በትንሹ አርጥባችሁ በደንብ ጨምቁት። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አትርጩ።

ዳንቴልም ከላዩ ላይ አንሱለት፤ ሙቀቱ የሚወጣው ከኋላና ከላይ ነው።

መብራት ሲሄድ ተሰክቶ መተው

መብራት መሄዱ ቴሌቪዥን አይገድልም። የሚገድለው አመጣጡ ነው። ሲመለስ ከ220 ቮልት በላይ ዘሎ ይመጣና ለቴሌቪዥኑ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ቦርድ ይመታል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስ አምስት አሥር ደቂቃ ታገሡ። ይህን መታገሥ ለማይችል ቮልቴጅ ሲበዛ የሚቆርጥና ዘግይቶ የሚመልስ ፕሮቴክተር አለ። ተራ ማከፋፈያ ግን ፕሮቴክተር አይደለም፣ ቀዳዳ ማብዛት ብቻ ነው።

በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹን ኬብልም አውጡ። ሶኬት ነቅለው ኬብሉን የረሱ ሰዎች ቦርዳቸው ጠቁሮ አይቻለሁ።

ብርሃኑን እስከ መጨረሻው መክፈት

ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን እንዲያብረቀርቅ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ቤት ስታደርሱት የሱቁን ሞድ ወደ ቤት ሞድ ለውጡ፣ ባክላይቱንም ከመቶ ወደ ስድሳ ሰባ አውርዱት። ዓይናችሁ በሁለት ቀን ይለምደዋል። አምፖሎቹ ደግሞ በእጅጉ ይቆያሉ። እማማ ቤት የነበረው መቶ ላይ ነበር።

ዩቲዩብ አይቶ መክፈት

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት 40 ኢንች ቴሌቪዥን ባክላይት ለመቀየር ፓኔሉን ብቻዬን አነሳሁት። ሁለት ሰው ያስፈልጋል ተብያለሁ፣ ግን ማን ይሰማል። ጫፉን ስይዘው ትንሽ ታጠፈ። «ቅጭ» አለ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት፣ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። የሰውዬውን ቴሌቪዥን በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ፓኔል ሳነሳ ከጎኔ ያለውን የጫማ ሰፊ ልጅ እጠራለሁ። አሁን እሱም ባለሙያ ሆኗል።

ሌላው አደጋ ይብሳል። ፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እናንተን ነው የሚመታው።

ካርቶን አይቶ መግዛት

አራዳ ወርዳችሁ ቴሌቪዥን ስትገዙ ሻጩ የሚያሳያችሁ ባሕርና አበባ ያለበት ቪዲዮ ነው። በዚያ ቪዲዮ ማንም ቴሌቪዥን ያምራል። እናንተ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ጫኑበት። ነጩ ላይ ጥላና እድፍ ይታያል። ጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ይታያል። በቀለሞቹ ላይ የሞተ፣ ማለትም የማይበራ ነጥብ ይወጣል። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ካርቶኑ ላይ «ፎርኬ» ተጽፎ ውስጡ ያለው ፓኔል 1366 በ768 ነጥብ ብቻ የሆነ ብዙ አይቻለሁ። እውነተኛው ፎርኬ 3840 በ2160 ነው። የፎርኬ ሲግናል ይቀበላል ማለት በፎርኬ ያሳያል ማለት አይደለም። ከካርቶኑ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሞዴል ቁጥሩን አንብቡና እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ፈልጉት። ሲበራ የሚወጣው ስምና ፊቱ ላይ የተለጠፈው ስም ካልተመሳሰለ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ ውጡ።

ኢንቹ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው የሚለካው። 32 ኢንች 81 ሳንቲሜትር ገደማ፣ 43 ደግሞ 109 ነው። ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

«የቱ ይሻላል?» ስትሉኝ ሁሌ የምመልሰው ያስከፋችኋል። እዚሁ ከተማ ባክላይቱና ቦርዱ የሚገኝለት ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የምታምኑትን ጠጋኝ የሞዴሉን ቁጥር ልካችሁ ጠይቁት። ዋስትናውም በማኅተም ይሁን፤ «እኔ አለሁ» የሚል ዋስትና ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ያገለገለ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ ተቀመጡ። ሲሞቅ ብቻ የሚወጣ በሽታ አለ።

ስክሪኑን በጣት ማንኳኳትም ይቅር። የወለቃ እንስራ አይደለም።

አስተኝቶ መውሰድ

ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ የገዛ ሰው መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ውስጥ አስተኝቶ፣ ከላዩ የጤፍ ከረጢት ጭኖ በኮብልስቶን ላይ ይነዳል። ፓኔል ሲተኛ የራሱ ክብደት መሃሉን ያጎብጠዋል፣ መንገጫገጩ ይጨርሰዋል። ቆሞ ነው የሚሄደው። 43 ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ቆሞ ይገባል። 55 ከሆነ ሌላ መኪና ፈልጉ።

የእማማን ቴሌቪዥን በማግስቱ ጨረስኩት። ሦስት ዘንግ ባክላይት ቀየርኩ፣ ብርሃኑን ስድሳ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። «በራላት!» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ በጋቢው ጠቅልለው ባጃጁ ውስጥ አቁመው አቀፉት። አንድ እጃቸው የሹፌሩን ትከሻ ይዟል። ወደ አዘዞ መንገድ እስኪታጠፉ ድረስ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ቀስ!» ሲሉ ይሰማኝ ነበር።