አዲስ ኤስዩቪ በወር ኪራይ፦ ውሉ የት ላይ ይበላሻል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ መኪና በወር ማከራየትም መከራየትም በዝቷል። ፋብሪካው፣ ኮንትራክተሩ፣ ፕሮጀክቱ ሁሉ የፊልድ መኪና ይፈልጋል። የእኔ ሥራ ውል ሳይፈረም ማየት፣ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የተጣሉትን ማስማማት ነው። ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሊብሬ (የመኪናውን ደብተር) ማየትን፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ማረጋገጥን፣ የሚያከራያችሁ ሰው ባለቤቱ ወይም ውክልና ያለው መሆኑን ማጣራትን ታውቁታላችሁ፤ አልመለስበትም።

ምልክት፦ ሁለት ወር ሳይሞላ አከራዩ «ይጨመርልኝ» ይላል፣ ተከራዩ «ተዋውለናል» ይላል

ከሁሉም የበዛው ይሄ ነው። በደንብ ልግባበት።

ምክንያቱ የዋጋ ማነስ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች የተከራከሩት በወሩ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። በአምስት ሺህ ብር ግማሽ ቀን ሲጓተቱ ይውላሉ። መኪናው በወር ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድና በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ግን ማንም አያነሳም። አከራዩ በልቡ የያዘው ከተማ ውስጥ የሚዞር፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መኪና ነው። ተከራዩ ያሰበው መንዝን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልልለትን ነው። ማንም ማንንም አልዋሸም። ሳይነጋገሩ ፈረሙ።

መንገዱን እናስበው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 260። ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 190 ገደማ ነው። ኪሎሜትሩ ያንሳል፣ መኪናውን ግን የበለጠ ይጎዳል። መንገዱ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ያንን ቁልቁለት ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሾፌር ሞልቷል። ደብረ ሲና ስትደርሱ መስኮት ብትከፍቱ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታችኋል። ሸራው ያልቃል፣ ዲስኩ ይጣመማል፣ ከዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚህ ላይ ከአስፋልት ወጥቶ የሚኬደው ፒስታና ኮረኮንች አለ። እሱ ጎማና አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደውን ዕቃ) ይጨርሳል።

አንድ ነጋዴ አዲስ መኪናውን ለኮንትራክተር አከራየ። ውሉ አንድ ገጽ ነው። «ለሥራ አገልግሎት» ይላል፤ በቃ። ከጥቂት ወር በኋላ መኪናው ሲመለስ የጎማው ጥርስ አልቋል፣ የኋላው አሞርዛተር ዘይት ያዥጎደጉዳል። ነጋዴው «መንዝ ስታመላልሱት ነው የከረማችሁት» አለ። ተከራዩ «ሥራው እዚያ ነው፣ የት ልሂድ?» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መኪናው ሲወጣ ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር የጻፈ የለም። ያዳነን ዘይት ሲቀየር ጋራዡ የሚሰጣት ትንሽ ካርድ ናት። ቀኑና ኪሎሜትሩ በእስክሪቢቶ ተጽፎባት መሪው ሥር ተንጠልጥላ ነበር። ከእሷ ተነስተን መኪናው በወር ምን ያህል እንደሄደ አሰላን፤ የጎማውን ወጪ ተካፈሉ። ካርዷ ባትኖር ፍርድ ቤት ነበሩ።

ለመደራደር ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩ። አራት ጎማ 80,000 ብር ነው እንበል። አስፋልት ላይ 40,000 ኪሎሜትር ከሄደ በኪሎሜትር 2 ብር ወጣበት። ኮረኮንች ላይ በ20,000 ካለቀ 4 ብር ይሆናል። ሰርቪስ በየ5,000 ኪሎሜትሩ 15,000 ብር ከፈጀ በኪሎሜትር 3 ብር ነው። ስለዚህ በወር 2,000 ኪሎሜትር አስፋልት የሚሄድ መኪና ለጎማና ለሰርቪስ ብቻ 10,000 ብር ይበላል። 5,000 ኪሎሜትር ኮረኮንች የሚሄደው 35,000 ብር። የወር ኪራዩ ግን ያው ነው። 25,000 ብሩን ማን ይሸፍን? ጠቡ ይሄ ነው።

መፍትሄው ኪሎሜትሩን ከዋጋው ጋር አብሮ መደራደር ነው። ተከራይ ከሆናችሁ የጉዞ ዕቅዳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። በወር ስንት ጊዜ ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ? ስንት ጊዜ መሐል ሜዳ፣ ስንት ጊዜ ዓለም ከተማ? አባዙና ደምሩት። አከራይ ከሆናችሁ ደግሞ «ቀንስልን» ስትባሉ ብሩን አትቀንሱ፤ መጀመሪያ የኪሎሜትር ገደቡን ቀንሱ። ብዙ የማይነዳ ተከራይ ደስ ብሎት ይቀበላል። ብዙ የሚነዳው ያን ጊዜ እውነቱን ይናገራል።

ውሉ ላይ የሚገባው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ «ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 2,500 ኪሎሜትር ያካትታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ኪሎሜትር በአስፋልት ይህን ያህል፣ ከአስፋልት ውጭ ይህን ያህል ብር ይታሰባል። የቆጣሪው ንባብ በየወሩ መጨረሻ በሁለቱም ወገን ይፈረማል።» ከአስፋልት ውጭ የሚባሉትን መስመሮች በስም ዘርዝሩ። ሾፌሩ የጉዞ መዝገብ ይያዝ፤ የተጠቀመበት ሰው ይፈርምበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የቀን ገደብ አትቀበሉ። አንድ ፕሮጀክት በቀን 100 ኪሎሜትር ብሎ ፈረመ። ሸዋ ሮቢት አንዴ ደርሶ መመለስ ብቻ ገደቡን በ90 ያልፈዋል። መኪናው ግን ሳምንቱን ግማሽ ግቢ ቆሞ ነበር የሚውለው። የቆመበት ቀን አልተካካሰላቸውም፣ የሄደበት ቀን ሁሉ ትርፍ ተቆጠረባቸው። ገደቡ የወር ድምር ይሁን። ሁለተኛ፣ ጎማው ከፋብሪካው ልክ በላይ ወዳለው ከተቀየረ ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል። የጎማውን ቁጥር ርክክቡ ላይ ጻፉት።

ምልክት፦ የመስከረም ክፍያ ላይ ጭቅጭቅ

ምክንያቱ ጳጉሜ ናት። አከራዩ «አምስት ቀን ነድታችኋል» ይላል። ተከራዩ ጳጉሜ ለሠራተኛ ደመወዝ ስለማይከፈልባት ለመኪናም አይከፈልም ብሎ ያስባል። አንዳንድ ድርጅት ደግሞ በፈረንጅ ወር ነው የሚከፍለው። መፍትሄው የአንድ መስመር ነው፦ «አንድ ወር ማለት 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜ በቀን ሒሳብ ይታሰባል።» ወይም «አይታሰብም»። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን ይጻፍ።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ደረሰኝ ከተስማማችሁበት ይበልጣል

ምክንያቱ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ተከራዩ ሲከፍል ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብርስ ከማን ላይ ነው? ዋጋ ስትጠሩ አብራችሁ ተናገሩት።

ምልክት፦ አዲሱ መኪና ሞተሩ ድምፅ ቀየረ፣ አስመጪው ዋስትናውን አልቀበልም አለ

ምክንያቱ ፎርጅድ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) እና ርካሽ ዘይት ነው። ተከራዩ ሰርቪስ በራሱ ወጪ እንዲያደርግ ይዋዋላሉ፤ የት እንደሚያደርግ ግን አይጻፍም። እሱም ብሩን ለማትረፍ ያገኘበት ቦታ ይወስደዋል። ሚሊዮኖች በወጣበት መኪና ላይ ለትንሽ ብር ሲባል እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጠም ማየት ያናድዳል። ሰርቪሱን አከራዩ ይያዝ፣ ኪራዩ ላይ ይደምረው። ይህ ካልሆነ ጋራዡን በስም ጻፉ፣ አሮጌው ፊልትሮና ደረሰኙ ይመለስ።

ምልክት፦ አደጋ ደረሰ፣ መድን ድርጅቱ አልከፍልም አለ

እዚህ ጋ እባካችሁ ቆም በሉ። ኮድ 2 የግል መኪና ነው፤ ኮድ 3 የንግድ። የመድን ፖሊሲው ላይ መኪናው ለምን እንደሚውል ተጽፏል። «ለግል አገልግሎት» ተብሎ የተገባ መኪና ኪራይ ላይ እያለ ከተጋጨ መድን ድርጅቱ የሚይዘው ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት ብቻውን አያድናችሁም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ደግሞ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሌላ ሰው፣ ያልፈቀደለትም ሰው ቢሆን። ተጎጂው ባለቤቱን መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ፖሊሲውን አንብቡ፤ ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን ውስጡን። ለኪራይ የሚሸፍን መሆኑን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ ለመኪናው ዓይነት የሚበቃ መሆኑን እዩ። አደጋ ሲደርስ መድን ድርጅቱ የማይሸፍነውን የመጀመሪያ መጠን ማን እንደሚከፍል ጻፉ። ተከራዮች፣ ፖሊሲውን ሊያሳያችሁ ከማይፈልግ አከራይ ጋር አትፈርሙ።

ምልክት፦ የኤሌክትሪክ መኪናው የተባለውን ያህል አይሄድም

ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አዳዲስ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አዲስ ኤስዩቪ ስትባሉ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት የጣርማ በርን ዳገት አያውቅም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ለመውጣት ወደ 1,900 ሜትር ሽቅብ ይነሳል። ለማንሳት ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ አንድ ስድስተኛው ሄደ፤ የመንገዱ ፍጆታ ገና አልተነካም። ሲወርድ ጥቂቱን ይመልሰዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት በዚሁ መስመር ሰው ጭናችሁ ሞክሩት። የቻርጅ ወጪ የማን እንደሆነና መኪናው ስንት በመቶ ላይ ሆኖ እንደሚመለስ ጻፉ።

ምልክት፦ ሲመለስ «ይሄ ጭረት ከየት መጣ?»

ርክክብ በጨለማ ወይም በዝናብ አታድርጉ፤ ጭረት አይታይም። መኪናው ታጥቦ በቀን ብርሃን ቪዲዮ ይነሳ፦ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ የአራቱም ጎማ ጥርስ፣ ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ቆጣሪው። መኪናው ሥር ገብታችሁም አንሱ፤ ኮረኮንች የሚመታው ከሥር ነው። ቪዲዮው እዚያው ለሁለቱም ይላክ።

ሌሎቹ በአጭሩ። ደላላው ከሁለቱም ወገን ከተቀበለ ቀድማችሁ ስላልጠየቃችሁ ነው። የሾፌሩ የማደሪያ አበል በማን እንደሆነ ካልተጻፈ የመጀመሪያው መስክ ላይ ሾፌሩ ያማርራል። አከራዩ የምንዛሪ ለውጥን ሰበብ አድርጎ ዋጋ ሊያነሳ ይችላል፤ ከሐምሌ 2016 በኋላ ብዙ ውል በዚህ ተናግቷል። ዓመት ሙሉ ከመታሰር ስድስት ወር ፈርማችሁ፣ ዋጋው በእድሳት ጊዜ ብቻ እንደሚታይ ጻፉ።

ምልክት፦ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ኪራዩ ይቆጠራል

ምክንያቱ ምትክ መኪና ውሉ ላይ አለመኖሩ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ተመጣጣኝ ምትክ ይቅረብ፤ ካልቀረበ መኪናው የቆመበት ቀን ከኪራዩ ይቀነስ። ብልሽቱ በተከራዩ ጥፋት ከሆነ ኪራዩ ይቀጥል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ጋራዥ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጥ፤ ቀብዱም ከርክክብ በኋላ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ። ከዚያ ሁለት ምስክር አስፈርሙ፤ ፎቶ ኮፒው በሁለታችሁም እጅ ይሁን።