መምህራን በኮምፒውተር ታግዘው እንዲያስተምሩ ሲያሠለጥኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ክረምት በገባ ቁጥር፣ አንዳንድ ጊዜም በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ መምህራን ኮምፒውተርን ለማስተማሪያነት እንዲጠቀሙ የሚያዘጋጁ ሥልጠናዎች ይካሄዳሉ። ሥልጠናዎቹ ፍሬ ሳያፈሩ ሲቀሩ «መምህራኑ ፍላጎት የላቸውም» የሚል ወቀሳ በየስብሰባው ይሰማል፤ እኔ ይህን ወቀሳ አልቀበለውም። ዕረፍቱን ትቶ፣ ከቱላ በባጃጅ ተሳፍሮ፣ ደብተሩን ይዞ በሰዓቱ የተገኘ ሰው ፍላጎት የለውም ሊባል አይችልም። ጉድለቱ በአብዛኛው ያለው በሥልጠናው አዘገጃጀት ላይ ነው፤ መምህሩ የተማረው ነገር ሰኞ ጠዋት ከሚገባበት ክፍል፣ ከያዘው መጽሐፍና ከዓመታዊ ዕቅዱ ጋር ካልተገናኘ ከሥልጠናው አዳራሽ አይወጣም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አሠልጣኞችን፣ ርዕሳነ መምህራንንና ሥልጠና የሚያቅዱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችን ይመለከታሉ።

ከማሽኑ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስለ ሃርድዌርና ሶፍትዌር ልዩነት ይነገራል፤ ሁለተኛው ቀን የዎርድ፣ ሦስተኛው የኤክሴል፣ የመጨረሻው ደግሞ የፓወርፖይንት ይሆናል። መምህሩ ሠንጠረዥ መሥራት ችሎ ይወጣል፣ የተማሪዎቹን ውጤት ለመደመርም ይጠቅመዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚያስተምረው ምዕራፍ ግን ኮምፒውተሩ ምን እንደሚጨምርለት የነገረው የለም። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ መምህርን መምህር የሚያደርገው ይዘቱን ማወቁ ብቻ ወይም የማስተማር ዘዴ ማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን የተወሰነ ይዘት ለተማሪ እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ማወቁ ነው። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር በ2006 እ.ኤ.አ. ቴክኖሎጂን በዚህ ላይ ሲጨምሩ፣ ይዘቱ፣ ዘዴውና መሣሪያው ተነጣጥለው ሊሰጡ እንደማይገባ አስረድተዋል። ሐሳቡ ይህን ያህል ዓመት አስቆጥሮ ሳለ የብዙ ሥልጠናዎች መርሐ ግብር አሁንም መሣሪያውን ለብቻው ነጥሎ ያስተምራል።

መነሻው «ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ የፊዚክስ መምህራን የኤሌክትሪክ ዑደትን ማንሳታቸው አይቀርም። አንድ ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት አምፖሎችን ሲያበራ፣ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን «ስለሚበላው» ለሁለተኛው ጥቂት ይተርፈዋል ብለው የሚያምኑ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ እምነት መዝግበዋል፤ በሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ማስታወሻም በቀላሉ አይነቀልም። ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በመሠረቱት ፌት በተባለ የነጻ ሲሙሌሽኖች (ሙከራን በስክሪን ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) ስብስብ ውስጥ ይህንን ዑደት በኮምፒውተር ላይ መገጣጠም ይቻላል። ባለ 9 ቮልት ባትሪና ባለ 10 ኦም አምፖል ሲገናኙ መለኪያው 0.9 አምፒር ያሳያል። ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ሲጨመር ከረንቱ ከመጀመሪያው አምፖል በፊትም፣ በሁለቱ መካከልም፣ ከሁለተኛው በኋላም 0.45 ይሆናል፤ ሁለቱም አምፖሎች እኩል ይደበዝዛሉ።

ዋናው ሥራ ያለው ግን መለኪያው ከመታየቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው። መምህሯ ዑደቱን ሳትዘጋ ተማሪዎቹ ግምታቸውን በደብተራቸው እንዲጽፉና ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲከራከሩ ካደረገች፣ የሚታየው ቁጥር ለክርክሩ መልስ ሆኖ ይመጣል። ቀጥላ አምፖሎቹን ጎን ለጎን (በትይዩ) ስታያይዛቸው እያንዳንዱ ብቻውን እንደነበረው አምፖል ደምቆ ይበራል፣ ከባትሪው የሚወጣው ከረንትም 1.8 ይሆናል፤ ይኼኔ ጥያቄው ከተማሪዎቹ ይመጣል። ሥልጠናው ግማሽ ቀኑን እንዲህ ላለ አንድ ትምህርት ብቻ ቢሰጥ፣ እያንዳንዱ መምህርም በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ቢያስተምረው፣ ጊዜው ባከነ አይባልም። ፋይል መክፈት፣ ኬብል መሰካትና ስክሪን ማስተካከል በዚያው መካከል ይለመዳሉ።

ሁሉንም በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ

የኮምፒውተር ማውስ ጨብጦ የማያውቅ የአማርኛ መምህር ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሶፍትዌር ከሚጭነው የአይሲቲ መምህር ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይነት ገለጻ ሲሰማ አንዱ ይጨነቃል፣ ሌላው ይሰለቻል። የዩኔስኮ የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ 18 ብቃቶችን በሦስት ደረጃዎች የከፈለው ሁሉም ከአንድ ቦታ ስለማይነሣ ነው። ከምዝገባው ጋር አጭር መጠይቅ መላክና ሠልጣኞችን በትምህርት ክፍል መመደብ ይበቃል፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሰው በአንድነት ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ይረዳል፤ ብቻውን ሠልጥኖ የተመለሰ መምህር ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው የለውምና።

የመምህሩን ክፍል በማይመስል ክፍል ማሠልጠን

ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ኮምፒውተር ባለበት፣ ዋይፋይ በማይቆራረጥበትና ጄኔሬተር በተጠባባቂነት በቆመበት አዳራሽ ነው። መምህሩ የሚመለሰው ግን ከ50 የማያንሱ ተማሪዎች ወደተቀመጡበት፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር በተራ ወደሚዞርበት፣ ሶኬቱም ከሰሌዳው በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ወደሚገኝበት ክፍል ነው። በአዳራሹ የተማረው ሁሉ ምንም ያህል ቢገባውም እዚህ ሲደርስ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቢያንስ የሥልጠናው ግማሽ በእውነተኛ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መሣሪያና ያለ ኢንተርኔት ሊካሄድ ይገባል። መሣሪያዎቹም በዚህ ሚዛን ይመረጡ። የፌት ሲሙሌሽኖች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ማርኩስ ሆኸንዋርተር በ2001 እ.ኤ.አ. በሳልዝበርግ የጀመሩትና ለሒሳብ የሚያገለግለው ጂኦጀብራም በኮምፒውተርም በስልክም ላይ ተጭኖ እንዲሁ ይሠራል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በፍላሽ ይዞ ለመሄድ ያስችላል፤ ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተከማቹ ትምህርቶችን በትምህርት ቤቱ ውስጥ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት ያዳርሳል። አሠልጣኙ እነዚህን በፍላሽ አዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢሰጥና በሠልጣኙ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ተጭነው መሥራታቸውን እዚያው ቢያረጋግጥ፣ በቴሌግራም ከሚላክ ረጅም የሊንክ ዝርዝር የበለጠ ያገለግላል። ፍላሾቹ በቫይረስ ማጣሪያ ማለፋቸው ግን አይዘንጋ፤ በአንድ የተበከለ ፍላሽ ምክንያት የመምህራን የፈተና ፋይሎች ሲጠፉ በቴክኖሎጂው ላይ የሚፈጠረው ጥርጣሬ ቶሎ አይሽርም።

የሐዋሳ የቀትር ብርሃን ሌላው ጉዳይ ነው። መስኮቱ ሰፊ በሆነ ክፍል ከረፋዱ ጀምሮ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ምስል ከኋላ ረድፍ አይነበብም። ወፍራም ጨርቅ በመስኮቱ ላይ መጋረድ፣ በነጭ ዳራ ላይ ጥቁር ጽሑፍ መምረጥ፣ ፊደሉን ከኋላ ረድፍ ቆሞ አንብቦ ማስተካከል፣ አምስት ሜትር የሚሆን ኤክስቴንሽን መያዝ የሥልጠናው አካል ናቸው እንጂ ተራ ነገሮች አይደሉም። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 10 ደቂቃው ኬብል በመሰካት ካለቀ መምህሩ ሁለተኛ አይሞክረውም፣ ሊፈረድበትም አይገባም። ርዕሰ መምህሩ ፕሮጀክተሩን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ተማሪዎቹ ወደዚያ እንዲመጡ ቢያደርግ፣ ወይም የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሲያወጣ ፕሮጀክተር ለሚጠቀም መምህር ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ይህ ችግር በእጅጉ ይቀላል። መብራት የሚጠፋበት ቀንም አለ፤ እያንዳንዱ ዕለታዊ ዕቅድ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ በምን እንደሚቀጥል የሚገልጽ አንድ መስመር ይኑረው፣ አሠልጣኙም በልምምዱ መካከል ማከፋፈያውን አጥፍቶ ይህንን ያስለምድ።

ማስታወሻውን ወደ ስላይድ መገልበጥ

ብዙ ሠልጣኞች «ቴክኖሎጂ ተጠቀምን» የሚሉት በሰሌዳ ይጽፉት የነበረውን ማስታወሻ በፓወርፖይንት ላይ አሳይተው ተማሪው እንዲገለብጠው ሲያደርጉ ነው። የተለወጠው የጽሑፉ ቦታ ብቻ ነው፤ እንዲያውም መምህሩ በእጁ ሲጽፍ ይሰጥ የነበረው የማሰቢያ ፋታ ይጠፋል።

በዚህ ረገድ አገራችን ካለፈችበት ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል። በ1997 የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ ፕላዝማ የምንለው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ትምህርቶችን ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ያሠራጭ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው በስርጭቱ ይያዛል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና ማጠቃለያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪው ያልገባው ቦታ ላይ ስርጭቱን ማቆም አይቻልም ነበር። ቤተ ሙከራ ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራዎችን ማሳየቱ ጥቅም እንደነበረው አልክድም፤ መምህሩን ከትምህርቱ መሐል ማውጣቱ ግን ከባድ ጉዳት ነበር፣ ዛሬም አንዳንድ ነባር መምህራን በአዲስ መሣሪያ ላይ የሚያሳዩት ቁጥብነት ከዚያ ልምድ የመነጨ ይመስለኛል። አሠልጣኙ ይህንን ታሪክ ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባም፤ የፈለጉት ቦታ ላይ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና መጠየቅ አሁን በመምህሩ እጅ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት።

ለስላይድ የሚሻለው አገልግሎት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፉት ዘዴ ቀላል ነው፤ የምርጫ ጥያቄ ይቀርባል፣ ተማሪው ለብቻው መልስ ይመርጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይወያያል፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣል። እጅ በማውጣት ወይም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው ወረቀቶችን በማሳየት ስለሚሠራ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም ያስኬዳል።

ቋንቋውን መርሳት

በሲዳማ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሲዳሙ አፎ ይሰጣል፤ በሐዋሳ ከተማ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የሥልጠናው ማንዋል ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መምህሩ በተለመደው የኮምፒውተር ገበታ ይጽፈዋል፤ የአማርኛ መምህር ግን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ተጭኖለት መለማመድ አለበት። ግዕዝ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት በሆነው በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች ፈተና የሚጽፉ ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ፤ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ድርድር ይሆናል። ይህንን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ቁልፍ የያዘውን ሰው አለመጋበዝ

መምህሩ ሠልጥኖ፣ ትምህርቱን አዘጋጅቶ ሲመጣ ፕሮጀክተሩ በንብረት ክፍል ተቆልፎ ያገኘዋል። ንብረት ያዡ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ቅጽ) ሳያስፈርም አያወጣም፤ ዕቃው ቢሰበር በደመወዙ ስለሚጠየቅ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። መፍትሔው ንብረት ያዡንና ርዕሰ መምህሩን በሥልጠናው ቢያንስ ለአንድ ቀን መጋበዝ፣ ለዕለታዊ ውሰት የሚያገለግል ቀላል መዝገብ አብሮ ማዘጋጀትና በአግባቡ ሲሠራበት የተበላሸ ዕቃ በማን ኃላፊነት እንደሚጠገን በጽሑፍ መስማማት ነው። ይህ ስምምነት ከሌለ ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብም ለሥልጠናው የወጣው አበልም ከንቱ ይሆናል።

በሰርተፍኬት መዝጋት፣ በቅጽ መመዘን

ሥልጠናው በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ታድሎ፣ «ሥልጠናውን እንዴት አገኙት?» የሚል ቅጽ ተሞልቶ ይዘጋል። በቅጹ ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ስለ አስተናጋጆቹ መልካምነት እንጂ በክፍል ውስጥ ስለተለወጠው ነገር አይናገርም። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ በመምህራን ሥልጠና ላይ ባደረጓቸው የረጅም ዓመታት ሥራዎች ያሳዩት፣ ገለጻ፣ ማሳያና ልምምድ ብቻ ክፍል ውስጥ የሚገባ ለውጥ እምብዛም እንደማያመጡ፣ ለውጡ የሚጸናው መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ የሚያግዘው ባልደረባ ሲኖረው መሆኑን ነው።

ለዚህ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። በአገራችን መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል፤ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኙ የጉድኝት ማዕከላትና ሱፐርቫይዘሮችም አሉ። ከሥልጠናው በኋላ አብረው የመጡት ሁለቱ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል በየሁለት ሳምንቱ ገብተው ቢመለከቱና ያዩትን በማሻሻያ ማኅደራቸው ውስጥ ቢያሰፍሩ ሰዓቱ በሥራ ላይ ይውላል። ተመልካቹ ሦስት ነገሮችን ይመዝግብ። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ተማሪዎቹ ምን ይሠሩ ነበር፤ ይገለብጡ፣ ይከራከሩ ወይስ ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር? ኮምፒውተሩ ባይኖር ከትምህርቱ ምን ይጎድል ነበር? ችግር ሲፈጠር መምህሩ በምን ቀጠለ? ለሁለተኛው ጥያቄ «ምንም አይጎድልም» የሚል መልስ ከተገኘ ያንን ትምህርት በጠመኔና በሰሌዳ ማስተማር ይሻላል፤ ይህንንም መወሰን ከሠለጠነ መምህር የሚጠበቅ ብቃት ነው። አሠልጣኞቹ በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ እነዚህን መዝገቦች ሰብስበው በማንበብ፣ መምህራኑ የተቸገሩባቸውን ምዕራፎች ለሚቀጥለው ክረምት ሥልጠና የመጀመሪያ ቀን ሥራ አድርገው ያቅርቧቸው።