መጽሐፍዎን በራስዎ ሊያሳትሙ ነው? መጀመሪያ ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩ

እኛ አገር ብዙ ደራሲ የራሱ አሳታሚ ነው። ረቂቁን ይጨርስና ዕቁብ ጠብቆ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የመጀመሪያ መጽሐፌን እኔም እንዲሁ አሳተምኩ። ሕትመቱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ገንዘቡን መሰብሰቡ ነው።

1. ረቂቁን አሰናዱ። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ይጻፉ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ገጽ አቀናባሪው ጋ ሲደርስ ፊደሉ ይዘበራረቃል። ለአርታኢ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎት። ገጹ ከተቀናበረ በኋላ ደግሞ አትመው በቀይ እስክሪብቶ ያንብቡት፤ ስክሪን ላይ ያመለጠ ግድፈት ወረቀት ላይ ይታያል።

2. ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ያሰባስቡ። መጽሐፍ የሚታተምበት ትልቅ ወረቀት በአብዛኛው ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። 192 ገጽ ልክ 12 ወረቀት ይፈጃል፤ 194 ከሆነ ግን ለሁለት ገጽ ሲባል ሌላ ወረቀት ይገባል። ሁለቱን ገጽ ማሳጠር ይሻላል። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና አይተው ይወስኑ።

3. አሁን ካልኩሌተር ያውጡ። ለምሳሌ 1,000 ኮፒ ለማሳተም አርትዖቱን ጨምሮ 250,000 ብር ወጣ እንበል። የሽፋኑ ዋጋ (ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው መሸጫ) 500 ብር ነው፤ አከፋፋዩ 35 በመቶ ይወስዳል። በእጅዎ የሚገባው ከአንድ ኮፒ 325 ብር ነው። ስለዚህ ወጪዎን የሚመልሱት 770ኛው ኮፒ ሲሸጥ ነው። ሁሉም ካለቀ 75,000 ብር ያተርፋሉ፤ 700 ብቻ ከተሸጠ 22,500 ብር ይከስራሉ። አሳታሚ ድርጅት ወጪውን ራሱ ችሎ ከሽፋን ዋጋ 10 በመቶ ሊከፍልዎት ቢስማማስ? በዚያው 700 ኮፒ ሳንቲም ሳያወጡ 35,000 ብር ያገኛሉ። አሥር በመቶ ሲባል ብዙ ደራሲ ይናደዳል፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ቁጥሩን ሳልደምር ነው የተናደድኩት።

ያም ሆነ ይህ ከአንድ መጽሐፍ ደመወዝ አይጠብቁ። ሥራዎን ሳይለቁ ይጻፉ።

4. ከአሳታሚ ጋር ከተስማሙ ውሉን በጥንቃቄ ያንብቡ። ክፍያው የሚሰላው ከሽፋን ዋጋ ነው ወይስ ከተጣራ ገቢ? ስንት ኮፒ፣ ለስንት ዓመት? የትርጉም፣ የድምፅና የፊልም መብቱስ የማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዛሬ የሚፈርሙት ወረቀት ልጆችዎንም ይመለከታል።

5. ከማተምዎ በፊት ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ይውሰዱ። ሲታተም ለቤተ መጻሕፍቱ ኮፒ ማስረከብ አይርሱ።

6. የምረቃውን ዕለት በደንብ ይጠቀሙበት። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ የሚሸጠው ያለ አከፋፋይ ቅናሽ ነው። ወዳጅ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ ተማሪ ቤት ጓደኛ ሁሉ ይጠራ። 200 ኮፒ እዚያ ከሄደልዎ፣ ባልነው ሒሳብ 100,000 ብር በአንድ ቀን ተመለሰ ማለት ነው።

7. ለአከፋፋይ በቃል አይስጡ። እኔ 300 ኮፒ በእምነት አስረከብኩ። ገንዘቡን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር መልሱ "ገና አልተሸጠም" ነበር። አንድ ቀን ከሱቁ ወጥቼ ጥግ ላይ ሳልደርስ መጽሐፍ አዟሪ አስቆመኝ፤ ክንዱ ላይ ከደረደራቸው መካከል የእኔኑ መዝዞ "ይህን ልስጥህ? አሁን በጣም እየሄደ ነው" አለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ስለዚህ የማስረከቢያ ሰነድ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ የኮፒው ብዛት፣ የቅናሹ መቶኛ፣ የክፍያው ቀንና የተረካቢው ፊርማ ይኑርበት። በአንድ ጊዜ ከ50 ኮፒ በላይ አይስጡ። ሌላ 50 የሚጨምሩት ያለፈው ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ ነው።