ጄሪካኑ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ፦ በፖቴንሻል ኢነርጂ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አዳማ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ፖቴንሻል ኢነርጂን (ዕቃ ከፍ ሲል ወይም ሲለጠጥ የሚጠራቀመውን ጉልበት) በትከሻው ያውቀዋል። ውሃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቷላ! የሰፈር ልጆችን ፊዚክስ ሳስጠና ግን ሁሌም እዚሁ ላይ ይደናገራሉ።

አንደኛው ጣጣ ስሙ ነው። «ፖቴንሻል ያለው ተጫዋች» ስንል ገና ያልታየ፣ ወደፊት የምንጠብቀው ማለታችን ነው። ይሄ ጉልበት ግን አሁኑኑ አለ፤ ተጠራቅሞ ተቀምጧል። «እምቅ» የሚለው አማርኛ ይሻላል። ብቻ «እምቅ ኃይል» አትበሉ። ኃይል በኒውተን ነው የሚለካው፣ ይሄኛው በጁል። «እምቅ ጉልበት» በሉት።

እኔን የሚያናድደኝ ግን «ከፍታው ከየት ተነስቶ?» አለመባሉ ነው። ቀመሩን፣ ኤም ጂ ኤችን (ማስ × የስበት ፍጥንጥነት 9.8 × ከፍታ)፣ ሁሉም ሸምድዷል። ባለፈው አንዱ፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ያውቅ ኖሮ፣ የፎቁን 9 ሜትር ደመረበትና ለ20 ኪሎ ውሃ 334,964 ጁል አመጣ። ጓደኛው ከግራውንድ ቆጥሮ 1,764 አለ። ተጨቃጨቁ። ሁለቱም ልክ ናቸው! ዜሮውን የምንመርጠው እኛ ነን። «ከግራውንድ ሲወጣ ስንት ጨመረ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ሁለቱም 1,764 ይላሉ። ስህተቱ ስሌት መሃል ላይ ዜሮውን መቀየር ነው። ጣሪያውን ዜሮ ብትሉ ደግሞ የጄሪካኑ ጉልበት ኔጌቲቭ ይሆናል፤ አትደንግጡ።

ጉልበቱን ለጄሪካኑ ብቻ መስጠትም ልክ አይደለም። የእሱና የመሬት የጋራ ነው። ስበት ባይኖር ሦስተኛ ፎቅም ግራውንድም ያው ነበር።

«ይዤው ቆሜ ደከመኝ፣ ስለዚህ ጨመረ» የሚልም አለ። አልጨመረም፤ የደከመው ጡንቻችሁ ነው። በደረጃ ቢወጣ፣ በገመድ ቢጎተት፣ ልዩነት የለውም።

ከፍታ ብቻ የሚመስላቸው ደግሞ የወንጭፍ ላስቲክ ይሳቡ። ሁለት እጥፍ ሲሳብ የሚያምቀው ጉልበት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

የነፋስ ተርባይኖቻችንን ከዚሁ መደብ የሚጨምሩም አጋጥመውኛል። እነሱ የሚሽከረከሩት በሚንቀሳቀስ አየር፣ ማለትም በካይኔቲክ (በእንቅስቃሴ ጉልበት) ነው። እምቅ ጉልበት ማየት የፈለገ እዚሁ ቅርባችን ቆቃ ይሂድ። ግድቡ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መብራት ያመነጫል። ነፋሱ ሲቆም ተርባይኑም ይቆማል፤ የቆቃ ውሃ ግን እስኪለቁት ከፍ ብሎ ይጠብቃል።