አሸዋ የማይገባበት የባሕር ዳርቻ ምሳ

ቤት የተሠራ የፊሊፒንስ ምግብ ይዛችሁ ከቤተሰብ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ስትወጡ ትልቁን ድስት እቤት ተዉት። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ነፋሱ አሸዋ ይበትንበታል። ፊሊፒናውያን «ቢናሎት» እንደሚሉት፣ ሩዙንና አዶቦውን (በኮምጣጤ የሚበስለውን የሥጋ ወጥ) ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሉ፤ ሳህንም አያስፈልግም።

ዋናው ዘዴ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ጥሬ ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ መረቁም ይፈስሳል። አጥባችሁ ካደረቃችሁት በኋላ በእሳት ነበልባል ላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። ፈዛዛው አረንጓዴ ድንገት ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ያን ጊዜ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ሙቀቱ ላዩ ላይ ያለውን ሰም ያቀልጠዋል፣ ቅጠሉንም ያለሰልሰዋል። በኮባ ዳቦ የጋገረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ትኩስ ሩዝ ሲያርፍበት የሚወጣው መዓዛ ደግሞ ልብ ይማርካል!

አዶቦን የመረጥኩት በኮምጣጤ፣ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ስለሚበስል ነው፤ ኮምጣጤው ሥጋው ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። መረቁ እስኪመጥ አብስሉት። ሩዙን ግን ኮምጣጤው አያድነውም። ስለዚህ ጥቅሎቹን ትኩስ እንዳሉ በፎጣ ሸፍናችሁ ሙቀት በሚይዝ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ከሣጥኑ ከወጡ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ 1 ሰዓት ሳይሞላ ይበሉ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ ለዚህ አይሆንም፤ በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል።